በአንድ ጠባብ በጀት ካሜራም የፎቶ ፕሪንተርም፦ ገንዘቡን የት ላይ ላውለው?

ጀማሪዋ

ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው ወር ስልኬ ወድቆ ተሰበረና ሁለት ዓመት ሙሉ ያነሳኋቸው ፎቶዎች አብረውት ጠፉ። ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ የአያቴ ፎቶዎች መጥፋት ነው። እሳቸው ስክሪን ላይ ፎቶ ማየት አይሆንላቸውም፤ ዓይናቸው ቶሎ ይደክማል፣ ጣታቸው ሲነካውም ምስሉ ይሸሻቸዋል። በወረቀት የታጠበ ፎቶ ከያዙ ግን መስኮት ሥር ተቀምጠው ግማሽ ቀን ሲያገላብጡት ይውላሉ። ስለዚህ አንድ ካሜራና አንድ የፎቶ ፕሪንተር ገዝቼ አልበም ልሞላላቸው ቆርጬ ተነሥቻለሁ።

ገንዘቤ የተወሰነ ነው። ለሁለቱም ያስቀመጥኩት አንድ ላይ ነው፤ በዚያ ላይ የምጨምረው የለኝም። እስካሁን ያየኋቸው ሁለት ካሜራዎች ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። አንደኛው አዲስ፣ ኪስ የሚገባ፣ ካርቶኑ ላይ 48 ሜጋፒክስል (ፒክስል የሚባሉት የምስሉ ነጥቦች ብዛት በሚሊዮን) የተጻፈበት ነው። ሁለተኛው ያገለገለ፣ ሌንሱ የሚፈታ፣ 18 ሜጋፒክስል ነው። በቁጥር ከሄድኩ አዲሱ ይበልጣል፤ ነገር ግን ሻጩ ያገለገለውን አንሥቶ ሲያሳየኝ ፊቱ ሲፈካ አየሁና ግራ ገባኝ። ከፕሪንተሮች ደግሞ በጣም ርካሽ የሆነ፣ ቀለሙም አብሮት ያለ አግኝቻለሁ።

በወር ከ30 እስከ 40 ፎቶ፣ አብዛኛውን በ10 በ15 ሴንቲሜትር ለማተም አስባለሁ። የማነሳው ቤት ውስጥ ነው፤ አያቴንና የእህቴን የአራት ዓመት ልጅ። ልጁ ለአፍታ እንኳ አንድ ቦታ አይቆምም። ገንዘቡን እንዴት ላከፋፍለው?

የሌንስ ወዳጅ

እህቴ፣ ያገለገለውን ግዢ። ምክንያቱን በቁጥር ላሳይሽ።

10 በ15 ሴንቲሜትር ማለት 4 በ6 ኢንች ገደማ ነው። ለጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች ውስጥ 300 ፒክስል ይበቃል። ስለዚህ ለአልበምሽ የሚያስፈልግሽ 1200 በ1800 ፒክስል፣ ማለትም 2.2 ሜጋፒክስል ገደማ ብቻ ነው። ሙሉ የኤ4 ገጽ ብታትሚ እንኳ 2480 በ3508 ይሆናል፤ 9 ሜጋፒክስል አይሞላም። 18ቱ ከሚያስፈልግሽ በላይ ነው። 48ቱ ምንም አይጨምርልሽም። ስማቸው ብዙም በማይታወቅ ርካሽ ካሜራዎች ላይ ደግሞ እንዲህ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ በሶፍትዌር የተነፋ ነው፤ ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው የካሜራው ክፍል፣ ያላየውን ዝርዝር ካሜራው በግምት ይሞላዋል።

ከፒክስሉ ብዛት ይልቅ የሴንሰሩን ስፋት ጠይቂ። በአብዛኞቹ የኪስ ካሜራዎች ውስጥ ያለው ሴንሰር 6.2 በ4.6 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ከትንሿ ጣትሽ ጥፍር ያንሳል። ሌንሳቸው በሚፈታ የጀማሪ ካሜራዎች ውስጥ ያለው፣ ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው፣ 22 በ15 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በስፋት ከ11 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ማታ ቤት ውስጥ ስታነሺ የአያትሽ ፊት አሸዋ የተነሰነሰበት እንዳይመስል የሚያደርገው ይህ ልዩነት ነው።

ልጁን በተመለከተ ግን ካሜራው ብቻውን አያድንሽም። አብሮት የሚመጣው 18-55 ሚሊሜትር ሌንስ ወደፊት ስታቀርቢበት ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳው ኤፍ 5.6 ላይ ይቆማል። 50 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 1.8 የሆነው ትንሽ ሌንስ ከዚያ 10 እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው እንደሚሰፋ ልብ በይ። በመጀመሪያው ሌንስ የካሜራው መዝጊያ ለ1/13 ሰከንድ ተከፍቶ እንዲቆይ የሚፈልግ ክፍል በሁለተኛው 1/125 ይበቃዋል። በ1/13 ሰከንድ የሚሮጥ ልጅ ጭስ ነው የሚመስለው፤ በ1/125 ሲስቅ ጥርሱ ይቆጠራል። ከካሜራው አካል ላይ ቆጥበሽ ይህን ሌንስ ብትገዢ ደስ ይለኛል። በአምራቾቹ ሁሉ ዘንድ ከርካሾቹ ሌንሶች መካከል ነው፤ ያገለገለውም በቀላሉ ይገኛል።

ቀለም ጠባቂ

ካሜራው ላይ የተባለውን እደግፋለሁ። እኔ የምሰጋው ስለ ፕሪንተሩ ነው፤ ገንዘብ በዝምታ የሚፈስሰው በዚያ በኩል ነውና።

የዛሬ ጥቂት ዓመት እንዳንቺው በጣም ርካሽ የሆነ፣ «ቀለሙ አብሮት ያለ» ፕሪንተር ገዛሁ። ውስጡ የነበረው ካርትሪጅ (የቀለም መያዣው) ለማስጀመሪያ ተብሎ በከፊል ብቻ የተሞላ መሆኑን ያወቅኩት ቀለሙ ሲያልቅ ነው። ሃያ ምናምን ፎቶ አተምኩና ቆመ። አዲስ ካርትሪጅ ለሁሉም ቀለም ለመግዛት ስሄድ ዋጋው የፕሪንተሩን ዋጋ ሊያህል ምንም አልቀረውም። ገዝቼ መለስኩ፤ ከዚያ ሁለት ወር ሳልጠቀምበት ቆየሁ። ስከፍተው ሰማያዊው ቀለም ደርቆ አፉ ተደፍኗል። ፕሪንተሩ ራሱን እንዲያጸዳ ባዘዝኩት ቁጥር ካዲሱ ቀለም እየጠጣ፣ ግማሹ አንድ ፎቶ ሳይወጣበት አለቀ። ያን ቀን የተሰማኝ ንዴት እስካሁን አልወጣልኝም፤ ለዚህም ነው እንዲህ አስረዝሜ የምጽፈው።

ካርቶኑ ላይ «ይህን ያህል መቶ ገጽ ያትማል» የሚለውን አትመኚ። ያ ልኬት አይኤስኦ 24711 በሚባለው ደንብ የሚለካ ሲሆን ገጾቹ ጽሑፍና ጥቂት ሥዕል ያለባቸው የቢሮ ሰነዶች ናቸው። ፎቶ ግን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ቀለም ነው። የምትጠይቂው ጥያቄ አንድ ይሁን፦ ወረቀቱም ቀለሙም ተደምሮ አንድ ፎቶ ስንት ያወጣል? ሻጩ ይህን መመለስ ካልቻለ የአንድ ሙሉ የቀለም ስብስብንና የአንድ እሽግ ወረቀትን ዋጋ ጠይቀሽ ራስሽ አስዪው።

ገንዘብሽን በ10 ብትከፍዪው፣ 5ቱን ለካሜራና ለሌንስ፣ 3ቱን ለፕሪንተር፣ 2ቱን ሳትነኪ ለወረቀት፣ ለቀለም፣ ለሚሞሪ ካርድና ለትርፍ ባትሪ አስቀምጪ። ሌዘር ፕሪንተር ለፎቶ አይሆንም። ኢንክጄት ለሚባሉት ፈሳሽ ቀለም ለሚረጩ ፕሪንተሮች የተሠራውን የሚያብረቀርቅ ወረቀት ደግሞ ለሌዘር ማሽን ፈጽሞ አታጉርሺው፤ ልባሱ በሙቀት ቀልጦ ማሽኑን ሊያበላሽ ይችላል።

የጨለማ ክፍል ሰው

ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ፎቶ በማጠብ ነው። ከተባለው ሁሉ የምለየው በአንድ ነገር ነው፤ ፕሪንተር አትግዢ።

ጥሩ ፎቶ ቤት ያለው ማሽን ምስሉን በሌዘር ወይም በኤልኢዲ መብራት፣ ብርሃን በሚሰማው ወረቀት ላይ ይጽፈዋል፤ ከዚያ እንደ ጥንቱ በኬሚካል ይታጠባል። ቀለሙ ወረቀቱ ላይ የተረጨ ሳይሆን በወረቀቱ ልባስ ውስጥ የተፈጠረ ነው። በአልበም ውስጥ ከብርሃንና ከእርጥበት ከተጠበቀ አሥርተ ዓመታትን ይዘልቃል። ለዋጋውም ቢሆን ቤት ውስጥ በካርትሪጅ ከሚታተመው ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ያ 3 እጅ ገንዘብ ወደ ሌንሱ ይሂድ።

ሌላው ነገር ገንዘብ አያስወጣም። አያትሽ መስኮት ሥር መቀመጥ ይወዳሉ ብለሻል። እንግዲያው ከዚያ አታስነሻቸው። መስኮቱ በጎናቸው ይሁን እንጂ ከጀርባቸው አይሁን፤ ከጀርባ ከሆነ ፊታቸው ይጠቁራል። የጣሪያውን አምፖል አጥፊ። የአምፖል ብርሃን ወደ ቢጫ ያደላል፣ የመስኮቱ ወደ ሰማያዊ፤ ሁለቱ ፊት ላይ ሲገናኙ ማንም ካሜራ አያስታርቃቸውም። በጥላው በኩል ነጭ ጨርቅ ወንበር ላይ አንጠልጥዪ፤ ከዚያ የሚመለሰው ብርሃን የፊታቸውን መስመር ሁሉ ያለዝበዋል። ፍላሹን ዝጊው። ቀጥታ ከካሜራው ላይ የሚመጣ ፍላሽ ፊትን ያነጥፈዋል፤ የሽማግሌ ፊት ደግሞ ውበቱ ያለው በጥላው ውስጥ ነው።

ጀማሪዋ

አባቴ፣ ስለ መስኮቱ የነገሩኝን እንደ ጸሎት ደግሜ አነበብኩት። ፎቶ ቤትን ግን የማልፈልገው በምክንያት ነው። አያቴ ዘንድ የምሄደው በወር ሁለት ቅዳሜ ብቻ ነው፤ በአቅራቢያቸውም ፎቶ ቤት የለም። ያን ቀን ያነሳሁትን ያኑ ቀን በእጃቸው ትቼ መመለስ እፈልጋለሁ። ዕድሜያቸው ሰማንያ ስድስት ነው። «በሚቀጥለው ይዤልዎት እመጣለሁ» ማለት ያስፈራኛል።

ሁለት ጥያቄ ልጨምር። እሳቸው ቤት ኮምፒውተር የለም፤ ያለ ኮምፒውተር የሚያትም አለ? ያገለገለ ካሜራ ስገዛስ እንዳልታለል ምኑን ልይ?

የሌንስ ወዳጅ

ወደ ሁለተኛው ልግባ። አትቸኩዪ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሻጩ ግማሽ ሰዓት ካልፈቀደልሽ ትተሽው ሂጂ።

ከሌንሱ ጀምሪ። ፍቺውና የስልክ መብራት ከኋላው አብሪበት። ጥቂት የአቧራ ነጠብጣብ ምንም አይደለም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካየሽ ግን ሻጋታ ነው፤ አትንኪው፣ ከሌሎች ሌንሶችሽም ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ አታስቀምጪው። ከዚያ መልሰሽ ግጠሚና ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 16 አጥብበሽ ነጭ ግድግዳ አንሺ፤ ፎቶውን አቅርበሽ ተመልከቺ። የደበዘዙ ጥቁር ነጠብጣቦች የሴንሰር አቧራ ናቸው፤ ይጸዳሉ። ጥርት ያለ ጭረት ከሆነ ግን ሴንሰሩ ተጎድቷል። ክዳኑን ገጥመሽ ደግሞ ለሁለት ሰከንድ አንሺ፦ በጥቁሩ ላይ የሚያበሩ ቀይና ሰማያዊ ነጥቦች ጥቂት ከሆኑ እለፊያቸው፣ ከበዙ ተዪው።

መዝጊያውን በ1/2000 ሰከንድ ደጋግመሽ ሞክሪ። ከፎቶው ጠርዝ ጥቁር ሰንበር ከወጣ መዝጊያው እየደከመ ነው። ብዙ የጀማሪ ካሜራዎች መዝጊያ ለ100,000 ያህል ጊዜ እንዲሠራ ተፈትኖ ይወጣል፤ ቁጥሩ ከዚያ ስላለፈ ወዲያው ይሞታል ማለት አይደለም፣ ዋጋውን ለማውረድ ግን በቂ ምክንያት ነው። በኒኮን ካሜራዎች ይህ ቁጥር በፎቶው ፋይል ውስጥ ይመዘገባል፤ በካነን አብዛኛውን ጊዜ ልዩ ሶፍትዌር ይጠይቃል። ባትሪው አብጦ ከቤቱ አልወጣም ካለ ሌላ መግዛትሽ አይቀርም። የተላላጠ ጎማና የተቧጨረ ቀለም አያሳስብሽ፤ እንዲያውም ርካሽ የሚያደርገው እሱ ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። ኒኮን ከመረጥሽ፣ ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ ውስጥ ሌንሱን የሚያንቀሳቅስ ሞተር የለም። የቆየውና ርካሹ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ዲ በእነዚህ ላይ ይገጥማል፣ ራሱ ግን አያተኩርም፤ በእጅ ማዞር ይኖርብሻል። ለሚሮጥ ልጅ ይህ ከባድ ነው። በእነሱ ላይ ሞተሩ በውስጡ ያለውን፣ ኤኤፍ-ኤስ የተባለውን ፈልጊ። በካነን ኢኤፍ ሌንሶች ይህ ችግር የለም።

ካርድ ፈታሽ

ሚሞሪ ካርዱን እንዳትረሺው። ኤስዲኤችሲ እስከ 32 ጊጋባይት ነው፣ ከዚያ በላይ ያለው ኤስዲኤክስሲ ይባላል፤ የቆዩ ካሜራዎች ሁለተኛውን ላያነቡት ይችላሉ። አንድ ባለ 64 ከምትይዢ ሁለት ባለ 16 ያዢ፤ አንዱ ቢበላሽ ሁሉም አይጠፋም። ሐሰተኛ ካርድ ብዙ ነው፦ ከውጭ 64 ተጽፎበት ውስጡ 8 ይሆናል፤ 8ቱ ሲሞላ ከዚያ በኋላ የተነሱት ፎቶዎች ይጠፋሉ። ገዝተሽ እንደገባሽ እስከ አፉ ሙዪውና ሁሉም ፋይል መከፈቱን አረጋግጪ።

ትንሿ ማተሚያ

ያለ ኮምፒውተር ለተባለው እኔ ልመልስ፤ ያለኝ እንዲህ ያለ ነው። ዳይ ሰብሊሜሽን ይባላል፤ የካነን ሴልፊ ከእነዚህ የታወቀው ነው። ቀለሙ ፈሳሽ አይደለም፤ በቀጭን የፕላስቲክ ጥቅል ላይ ተቀብቶ ይመጣል፣ ሙቀት ሲያገኘው ወደ ወረቀቱ ይገባል። ወረቀቱ አራት ጊዜ ይመላለሳል፦ አንዴ ለቢጫ፣ አንዴ ለማጀንታ (ሐምራዊ ቀይ)፣ አንዴ ለሲያን (አረንጓዴ ያዘለ ሰማያዊ)፣ በመጨረሻም ከጣት አሻራና ከውኃ የሚከላከል ግልጽ ልባስ ይቀባል። ቀለሙ እየተጨመረ ሲሄድ ፊት ለፊት ማየት ይቻላል፤ ልጁ ይህን ሲያይ አንድ ቦታ እንደሚቆም እገምታለሁ። አንድ ፎቶ አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ካርዱን ከካሜራው አውጥተሽ ፕሪንተሩ ውስጥ ትከቺዋለሽ፣ በትንሿ ስክሪን ትመርጫለሽ፣ በቃ።

ስድስት ወር ሳትነኪው ብትቆዪ የሚደርቅ ቀለም የለውም። ወረቀቱና ጥቅሉ ተቆጥረው በአንድ እሽግ ስለሚሸጡ የአንድ ፎቶ ዋጋ ከመጀመሪያው ይታወቃል። ጉድለቱንም ልንገርሽ። ከፖስት ካርድ በላይ አያትምም። የራሱን ወረቀት ብቻ ነው የሚቀበለው። በሚያትምበት ጊዜ ወረቀቱ ከኋላው ስለሚወጣ ግድግዳ አስጠግተሽ አታስቀምጪው። አቧራ ከገባበት ፎቶው ላይ ነጭ መስመር ይተዋል፤ ስለዚህ ወረቀቱን በጠርዙ ያዢ። ያለቀው ጥቅል ላይ ደግሞ ያተምሻቸው ሰዎች መልክ እንደ ኔጋቲቭ ይቀራል፤ ሳትቆራርጪ አትጣዪው።

ቀለም ጠባቂ

ይህን አስቀድሜ ማንሣት ነበረብኝ። በወር ሁለት ቀን ብቻ የሚሠራ ፕሪንተር ለፈሳሽ ቀለም የተፈጠረ አይደለም። ለአንቺ የሚስማማው ይህ ነው፤ የጨለማ ክፍል ሰው የፎቶ ቤቱን ጥራት በተመለከተ ያሉትም ሳይነካ ይቀራል፤ ትልቅ አድርገሽ ግድግዳ ላይ የምትሰቅዪውን ለፎቶ ቤት ስጪ።

ይህን ክር ለሚያነቡ ሌሎች ግን ልጨምር፦ በወር ከመቶ በላይ የምታትሙ፣ ወይም ኤ4 የምትፈልጉ፣ ቀለሙ ከጠርሙስ የሚሞላ ባለ ታንክ ኢንክጄት ተመልከቱ። ሲገዛ ይወደዳል፣ ሲያትም ይረክሳል። ለፎቶ ከሆነ ከባለ 4 ቀለሙ ባለ 6ቱ ይሻላል፤ በብዙዎቹ የተጨመሩት ፈዛዛ ሲያንና ፈዛዛ ማጀንታ የቆዳን ቀለም ሽግግር ያለሰልሳሉ። በሳምንት አንድ ባለ ቀለም ገጽ አትሙበት፤ አፉ አይደፈንም።

የጨለማ ክፍል ሰው

ሰማንያ ስድስት ካሉማ እኔም ሐሳቤን ለወጥኩ፤ ያኑ ቀን ስጪያቸው። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በይ። የካሜራው ስክሪን የራሱ ብርሃን ስላለው ፎቶውን አሳምሮ ያሳያል፤ ወረቀት የራሱ ብርሃን የለውም። ስክሪን ላይ ልክ የመሰለሽ ወረቀት ላይ ሊጠቁር ይችላል፤ የመጀመሪያውን አትመሽ እዪ፣ ካስፈለገ ከፕሪንተሩ ላይ ብርሃኑን ከፍ አድርጊ። ሁለተኛ፣ የምትገዢው ካሜራ 3 ለ2 ስለሚያነሣ 10 በ15 ወረቀት ላይ ልክ ይገባል። የስልክና የኪስ ካሜራ ፎቶ ግን አብዛኛውን ጊዜ 4 ለ3 ነው፤ ወርዱን ይዘሽ ካተምሽው ከቁመቱ 1.25 ሴንቲሜትር ይቆረጣል። የሰው ራስ ያለ አናት የሚቀረው በዚህ ነው። ስልክ ከተጠቀምሽ ከላይና ከታች ቦታ ትተሽ አንሺ።

ጀማሪዋ (ከአራት ሳምንት በኋላ)

ያገለገለ ካነን 1200ዲ ከ18-55 ሌንሱ ጋር ገዛሁ። ጎማው ተላልጧል፤ በዚያ ምክንያት ዋጋው ስለወረደልኝ ያገለገለ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ለመጨመር በቃኝ። ይህን ከመግዛቴ አስቀድሞ ያየሁት ሌላ ሌንስ ሻጋታ ነበረበት፤ በስልክ መብራት ባላየው ኖሮ ገንዘቤን ይዞብኝ ይቀር ነበር። ፕሪንተሩ ትንሿ ማተሚያ ያለችው ዓይነት ነው።

50ው ለክፍሉ ጠበበኝ፤ ጀርባዬ ግድግዳ እስኪነካ ብሸሽም አያቴና ልጁ አብረው አልገቡም። ስለዚህ ሁለቱን በ18-55 አነሣሁ፣ አያቴን ለብቻቸው በ50ው። መስኮቱ በግራቸው፣ አምፖሉ ጠፍቶ፣ ነጭ አንሶላ በቀኝ ወንበር ላይ፤ ኤፍ 2.2፣ 1/125 ሰከንድ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 800። ልጁን በ1/60 ሞክሬ እጆቹ ሁሉ ደበዘዙ፤ አይኤስኦውን ወደ 1600 ከፍ አድርጌ በ1/250 ሳነሣው ጸጥ ብሎ ወጣ። የመጀመሪያው ኅትመት እንደተባለው ጠቆረ፤ ብርሃኑን ሁለት ደረጃ ከፍ አደረግኩና ተስተካከለ።

አያቴ ፎቷቸውን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ። ብዙ ጊዜ ዝም አሉና «እጄ የእናቴን እጅ መስሏል» አሉኝ። ስለ እናታቸው እጅ ከዚያ በፊት አንድም ቀን ነግረውኝ አያውቁም። እስኪመሽ ድረስ ስለ እሳቸው አወሩኝ። ከዚያ ስማቸውንና ቀኑን ከጀርባው እንድጽፍ አዘዙኝ፤ እስክሪብቶ ይዤ ልጀምር ስል ፎቶው እንዳይበላሽ ፈርቼ ተውኩት። በምን ልጻፍ?

የሌንስ ወዳጅ

በጣም ደስ አለኝ። 50ው የጠበበሽ ሴንሰሩ ከ35 ሚሊሜትር ፊልም ስለሚያንስ ነው፤ በካነንሽ ላይ እንደ 80 ሚሊሜትር ያያል። ወደፊት አቅም ሲኖርሽ 24 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 ፈልጊ፤ ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ ያስገባልሻል።

የጨለማ ክፍል ሰው

በእስክሪብቶ ተጭነሽ አትጻፊ፤ ጭረቱ ወደ ፊት ለፊቱ ይወጣል። ጫፉ ቀጭንና ለስላሳ የሆነ፣ ቀለሙ ውኃ የማይፈታው ማርከር ያዢ። ከጀርባው ጠርዝ ላይ፣ ፊታቸው ባለበት ትክክል ሳይሆን ከታች ባዶው በኩል ጻፊ። በሌላ ፎቶ ላይ ከመደረብሽ በፊት ደህና አድርገሽ አድርቂው፤ ካልደረቀ የሚቀጥለው ፎቶ ፊት ላይ ይታተማል። የእናታቸውንም ስም ጠይቀሽ እዚያው አብረሽ ጻፊው።